ኅዳር ላይ የዘነበው ክረምት

ሌላው ሰው ዝናብ ሲባል ውሃ ይታየዋል። እኔ ሳቅ ይሰማኛል። ከአንድ ሱቅ ተነስቶ ወደ ጎረቤት የሚዛመት፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ የሚንጣጣ ሳቅ። የተሳቀው በእኔ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያስቅ ነገር ነበረው። እስቲ አረፍ በሉና ከሥሩ ላውጋችሁ።

ያኔ መርካቶ ጭድ ተራ አጠገብ፣ ሸራና ላስቲክ የምንሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ሱቁ የአባቴና የታናሽ ወንድሙ የጋሼ ሸምሱ ነው። የተከፈተው በአንድ ዝናብ ምክንያት እንደሆነ በቤታችን የማያውቅ የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች በወጣትነታቸው ከአገራችን ከስልጤ በርበሬ እያመጡ ይነግዱ ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬያቸውን ማንም ያልጠበቀው ዝናብ መታው፣ በማግስቱ ጠቆረ፣ በሦስተኛው ቀን ሸተተ። አባቴ፣ «በርበሬውን መሸጥ ካልቻልን የሚያለብሰውን እንሽጥ» አለ ይባላል። በዚህ ሰበብ ሸራ ነጋዴ ሆንን።

አባቴ ሲሞት አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬን አስቀምጬ መቀስ አነሳሁ። መጀመሪያ ለጊዜው ነው ተባለ፤ የመርካቶ ለጊዜው ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። ግን አልከፋኝም። ሸራ መዘርጋት፣ ለክቶ መቁረጥ፣ ጠርዙን አጥፎ ቀለበት ማስመታት፣ ከገበሬ ጋር ተከራክሮ ተሳስቆ መለያየት ወደድኩት። ጋሼ ሸምሱ ዕቃ ያስመጣሉ፣ እኔ እሸጣለሁ። ሱቁ የእኔ ባይሆንም የሱቁ ድምፅ የእኔ ነበር።

አዲስ ዓመት በገባበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጋሼ ሸምሱ የሚስታቸውን ወንድም ነስሩን ይዘው ገቡ። ነስሩ ለባበስ ያለ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ፣ ጨዋታ የሚችል ሰው ነው። ግድግዳውን በስንዝር ይለካ ጀመር። እኔ መቀሴን ያዝኩ።

«ሙኒ፣» አሉኝ ጋሼ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «ሸራ አልቆለታል። ክረምቱ ወጣ፤ ከእንግዲህ ዝናብ የት ይታያል? ነስሩ መጋረጃ ሊያስገባ ነው።»

«ጥሩ። የት በኩል?»

«ሙሉውን፣» አለ ነስሩ። «መጋረጃ ጥግ ላይ ተደብቆ አይሸጥም፤ መንጠልጠል አለበት።»

«እኔስ?»

«መጋረጃ ቀለም የሚያዛምድ ሰው ይፈልጋል፤ የራሴን ልጆች አመጣለሁ። አንቺ የለመድሽው ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው።»

ሸራ የሚመጣው በእነዚያ ሁለት ቀለሞች ስለሆነ ቀልዱ ቀልድ ነበር። አልሳቅኩም።

«ቤት ትንሽ አረፍ ትያለሽ፣» አሉ ጋሼ። «እናትሽንም ታግዢያለሽ። ስንት ዓመት ሠራሽ እኮ፣ አላህ ይስጥልን።»

አላህ ይስጥልን የሚባለው ለሚሄድ ሰው ነው። ከአፌ የወጣው ግን ለቅሶ አልነበረም።

«ከመስከረም በኋላ ዝናብ የለም ያለው ማነው?»

«ዓይኔ ነዋ፣» አሉ ጋሼ።

«ዓይን ይረሳል። በርበሬ የሚሰጣው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በእነዚህ ወራት ዝናብ ከጣለ ሸራ አለቀለት አይባልም። እስከ እሑድ ይስጡኝ፣ አሳይዎታለሁ።»

«ምን ታሳያለሽ? ሰማዩን ይዘሽ ልትመጪ ነው?» አለ ነስሩ።

«አዎ።»

ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ። «እሑድ ጠዋት መጋረጃው ይገባል። እስከዚያ ያለሽን አሳዪ።»

በምን ተማምኜ እንዲያ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ነበረኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ማጠፊያው ተሰብሮ ስክሪኑ ወደ ኋላ ይንጋለል ነበር። ምን አለሽ ተራ ያለ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ከዘይት ጣሳ ልጣፊ ቆርጦ በሚስማር አጣብቆልኛል። ስከፍተው እንደ በር ይጮሃል፤ ሲከፈት ግን የማይነቃነቅ ነው። በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ አንድ ነገር በራሴ ተምሬ ነበር። ቁጥር የሚያነብ፣ የሚያጠቃልል፣ ሥዕል አድርጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። ነፃ የሚለው ቃል መርካቶ ያደገን ሰው ያጠራጥራል፤ ብዙ ቀን ወጥመዱ የቱ ጋ ነው እያልኩ ፈልጌአለሁ።

ወጥመዱ ስሙ ላይ ነበር። ፈረንጆቹ የሰየሙት በአንዲት ፊደል ነው፣ R ብለው። እናንተ አሁን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በአማርኛ ጥሩትና ምን እንዳላችሁ ስሙት። የሱቁ ሰው «ሙና ምን እየተማረች ነው?» ሲባል መልሱን እየጮኸ ይናገርና ይስቅ ነበር። ስለዚህ በዚህ ወግ ውስጥ በፈረንጅ ፊደሉ እጽፈዋለሁ፣ ለክብራችን።

እስከዚያ ቀን የተለማመድኩት ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣ፣ የማላውቀው የሩቅ ከተማ አየር በተመዘገበበት ሠንጠረዥ ነበር። የራሴን ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ግን ጥያቄ ነበረኝ፤ ዝናቡንም ማን እንደያዘው አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ረምላ አገር ቤት በአንድ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ትሠራለች። በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ ከተተከለው መለኪያ ውሃውን ቀድታ ትለካለች፣ የዓመታቱንም መዝገብ ኮምፒውተር ላይ አስገብታዋለች። ደወልኩላት። «ለምንሽ ነው?» አለች። «ከሱቅ ላለመባረር፣» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም፤ ፋይሉ በቴሌግራም መጣ።

ዓርብ ወንዶቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቁ ጸጥ ይላል። የሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አደረግኩና ፋይሉን አስነበብኩት። read.csv ይባላል ትእዛዙ፤ ጽፌ ስልከው እንቢ አለ። እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይላል። ዓይኔ እያየው የለም ይለኛል። ለካ ፕሮግራሙ የሚፈልገው በራሱ አቃፊ ውስጥ ነው፤ እኔ ያስቀመጥኩት ሌላ ቦታ ነው። ወደሚያይበት አዛወርኩለት፤ አነበበ።

የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ሁለት ዓምድ ነው፦ በአንዱ ቀን፣ በሌላው የዝናቡ መጠን። ልቤ ሞቀ። አማካዩን አውጣ ስለው ግን እንደገና እንቢ አለ፤ ዝናቡ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው ይላል። መስመሮቹን ወደ ታች እያወረድኩ ስፈልግ አገኘሁት። ከቁጥሮቹ መሃል፣ እዚህም እዚያም፣ ካፊያ የሚል ቃል ተጽፏል።

«ረምላ፣ ካፊያ ስንት ነው?»

«ካፊያ እኮ ካፊያ ነው። ልብስ የማያረጥብ።»

«መለኪያው ላይ ስንት አለ?»

«ምንም። ግን ጥሏል። ጥሎ ዜሮ ብዬ ልዋሽ?»

እሷ አልዋሸችም፤ እኔ ግን ዜሮ አልኩት፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ። ዓምዱ ቁጥር ሆነ። ቀጥሎ ቀኑ ቀን መሆኑን ማሳወቅ ነበር፣ ወሩን ለይቶ እንዲያጠቃልል። ይህንንም አደረገ። ጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ NA ብሎ ጻፈ። R የማያውቀውን ነገር እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ «አላውቀውም» እንደማለት። ቪዲዮው ላይ ያለው አስተማሪ የዚህ ዓይነት መስመር ሲያጋጥመው ጥሎ ያልፍ ስለነበር እኔም ጣልኳቸው።

ከዚያ በየወሩ ደምሬ ሥዕሉን አስወጣሁ።

ከሥር የወራቱ ስም በእንግሊዝኛ ተደርድሯል፣ ከላያቸው እንጨቶች ቆመዋል፤ አብዛኞቹ ድንክ ናቸው። ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ግን ሁለት ግንድ። ኅዳርና ታኅሣሥ። በርበሬው መሬት ላይ ባለበት ወቅት፣ ከየትኛውም ወር የበለጠ ዝናብ።

የሐምሌና የነሐሴ ማነስ ለአፍታ ገርሞኝ ነበር። ግን ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ ጥያቄ አያበዛም። የአየር ንብረት ተለወጠ የሚሉት ይኸው ነው አልኩ ለራሴ። ሰማዩ ተገልብጦልኛል።

እሑድን መጠበቅ አልቻልኩም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁ ፊት ሰው ሲተራመስ፣ ላፕቶፑን ሸራ ላይ አቁሜ ጋሼንና ነስሩን ጠራሁ። ነስሩ ጎንበስ ብሎ አየ። እንግሊዝኛውን አንብቦ ቀና አለ።

«ኖቬምበር ኅዳር ነው አይደል?»

«ነው።»

«ስለዚህ ኅዳር ላይ ከሐምሌ የበለጠ ይዘንባል።»

«ይኸው እያየኸው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሙኒ፣ ባለፈው ኅዳር የረምላ ሠርግ ላይ ነበርን። ፀሐዩ አናታችንን ሲበሳው ውሎ ድንኳን የለም ወይ እያልን ነበር።»

ነስሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ለጎረቤት ሱቆች በሚሰማ ድምፅ፣ «ጎበዝ፣ ዘንድሮ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የሚቃጠለው ጀልባ ላይ ነው ተብሏል፤ ክብሪታችሁን እንዳታረጥቡ፣» አለ።

ያ ነው ሳቁ። ከእኛ ሱቅ ተነስቶ ወደ ጆንያ ሻጮቹ፣ ከጆንያ ሻጮቹ ወደ ገመድ ሻጮቹ ሄደ። ጭነት የተሸከመ ኩሊ ሳይቀር ቆሞ ሳቀ። ምሳ ሳይደርስ ስም ወጣልኝ፤ ሜትሮ። ሜትሮሎጂ ማለታቸው ነው። «ሜትሮ፣ ነገ ልብስ ልጠብ?» «ሜትሮ፣ በፋሲካ በረዶ ነው አሉ?»

ከሁሉ የከፋው ጋሼ ሸምሱ አለመሳቃቸው ነው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ፣ «በቃ ዝጊው ልጄ፣» አሉኝ።

አልዘጋሁትም።

ከሱቃችን ፊት ለፊት ጃንጥላ የሚሸጡ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የራጉኤል ሰፈር ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ሳይጮኹም ሦስት ሱቅ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁርጡን ንገሪኝ። ኅዳር ይዘንባል ያልሽው እውነት ከሆነ ጃንጥላ ልጨምር፤ ቀልድ ከሆነም ልወቀው።»

«አላውቅም እትዬ አስካለ።»

«ታዲያ እዚህ ላይ አፍጥጠሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«የጣልኳቸውን እያየሁ ነው።»

እውነቴን ነበር። ሌላ የማየው ሲጠፋ፣ NA ብሎ ያለፋቸውን መስመሮች መልሼ እየደረደርኳቸው ነበር። ሱቅ ውስጥ የጠፋ ዕቃ ስንፈልግ መጀመሪያ የምናየው ጥራጊውን ነው። እትዬ አስካለ ጥቅሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ዓይናቸውን አጠበቡ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ኮምፒውተሩ አላውቃቸውም ያላቸው ቀኖች ናቸው። ረምላ ስታስገባ ተሳስታለች። አሥራ ሦስተኛ ወር ብላ ጽፋለች፣ ይኸው።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «ምኑ ላይ ተሳሳተች?» አሉኝ።

«አሥራ ሦስተኛ ወር የለማ።»

«የለም? ባለፈው ሳምንት የት አገር ከርመሽ ነው?» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ጫኑት። «አሥራ ሦስት፣ ሦስት። ዝናቡም ይኸው ከጎኑ። ሩፋኤል ነዋ ልጄ፣ የጳጉሜን ሦስቱ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ የሚጠመቅበት ዝናብ። እኔስ ጃንጥላ ዘግቼ የምቆምበት ቀን አይደል እንዴ?»

እኔ የእስላም ልጅ ነኝ፤ ግን በሩፋኤል ዝናብ ያልራሰ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። እናቴ ካልሲ ታስወልቀንና ሂዱ ትለን ነበር። ያቺን ቀን ነው ስህተት ናት ብዬ የጣልኳት።

የቀሩትን NA ዎች አየኋቸው። ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳ። ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳ። በፈረንጆቹ የካቲት መሳይ፣ በፌብሯሪ፣ ሠላሳ የሚባል ቀን የለም፤ በእኛ ሁለተኛ ወር ግን፣ በጥቅምት፣ አለ። ሠላሳ አንድን ፈለግኩ፣ በፋይሉ ሙሉ አንድም ሠላሳ አንድ የለም። ዓመቶቹም አላጋለጡኝም፤ ሁለት ሺህ አሥር ቢባል በእነሱም በእኛም የኖረ ዓመት ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። ስልኩን አነሳሁ።

«ረምላ፣ ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ነው ያስገባሽው?»

«በየትኛው ማለት? በቀኑ ነዋ።»

ሌላ ቀን እንዳለ እንኳ አልታሰባትም። እኔ ነኝ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ የኢትዮጵያን ዝናብ፣ አሥራ አንድን ኖቬምበር ብዬ ያነበብኩት። አሥራ አንድ ሐምሌ ነው። አሥራ ሁለት ነሐሴ ነው። ሁለቱ ግንዶች ክረምቱ ራሱ ነበሩ። ክረምቱን አንስቼ ኅዳር ላይ አዝንቤዋለሁ።

ሳቅኩ። ከነስሩ የበለጠ፣ ከገመድ ሻጮቹ የበለጠ ሳቅኩ። እትዬ አስካለ ራሴን ነካ አድርገው፣ «ጃንጥላውን ልተወው ማለት ነው፣» ብለው ተነሱ።

ከዚያ እንደገና ጀመርኩ። R ስለ ቀን የሚያውቀውን ሁሉ ተውኩት፤ ቀንን እሱ በሚያውቀው መንገድ አታንብብ አልኩት። ጽሑፉን ቆራርጬ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ለየሁ፣ ሸራ እንደምቆርጠው። ከላይ የወራቱን ስም በእጄ ጻፍኩለት፦ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልኩ እስከ ነሐሴ። ነሐሴን ጽፌ ጣቴ ቆመ። ከዚያ ጳጉሜን ብዬ ጨመርኩ። እንቢ አላለም። ከነገሩት ይሰማል።

አዲሱ ሥዕል ወጣ። ሐምሌና ነሐሴ ቦታቸው ላይ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በልግ። ኅዳርስ? ኅዳር መሬት ላይ የተጋደመች ክብሪት ታክላለች።

ጋሼ ሸምሱ ልክ ነበሩ። ይህን ስረዳ የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ የታገልኩት የራሴን መባረር ለማረጋገጥ ነበር። ልዘጋው እጄን ሰደድኩ። ማጠፊያው ጮኸ። ጩኸቱ ግማሽ ላይ አቆመኝ። ነገ የምባረር ከሆነ ዛሬ ሁሉንም አይቼ ልባረር አልኩ።

ጥቅምትንና ኅዳርን ብቻ ነጥዬ summary የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ይህ ትእዛዝ ቁጥሩን ሁሉ በአንድ መስመር ያጠቃልለዋል፦ ትንሹን፣ መሃለኛውን፣ አማካዩን፣ ትልቁን። ትንሹ ዜሮ። መሃለኛው ዜሮ። አማካዩ ለመኖር የሚያፍር። ትልቁ ግን... ትልቁን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሐምሌ ትልልቅ ቀኖች ጎን ሊቆም የሚችል ነው። በየዓመቱ ከፋፍዬ አየሁት። አብዛኞቹ ዓመታት ላይ ነገሩ አንድ ዓይነት ነው፦ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ከዚያ አንዲት ቀን የምትደፋው ዝናብ፣ ከዚያ እንደገና ደረቅ።

እኔ ስንት ዓመት ሸራ ሸጥኩ። ለአማካይ ቀን ብሎ ሸራ የገዛ ሰው አይቼ አላውቅም።

እሑድ መርካቶ በሩ ዝግ ነው። እኛ ግን በሩን ግማሽ ከፍተን ቆምን። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ነስሩ ቆሟል፤ ውጭ ኩሊዎች የመጋረጃ ጥቅል ከመኪና እያወረዱ ነው። እኔ በሩ መሃል፣ ላፕቶፑን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

«ሜትሮ፣» አለ ነስሩ፣ «ዛሬ ደግሞ ረመዳንን ከማን ጋር አቀያየርሽው?»

«ትናንት የፈረንጅ ወር አድርጌ አንብቤው ነው። ረምላ የጻፈችው በእኛ ነበር። ክረምቱ ክረምት ላይ ነው፤ ልክ ነበራችሁ።»

ያልጠበቀው መልስ ስለነበር ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ። «እንግዲያ በሩን ልቀቂ።»

«ጋሼ ሳያዩ አልለቅም።»

«ሙኒ፣ በሰው ፊት ነው እኮ፣» አሉ ጋሼ።

«በሰው ፊት ተስቆብኛል፤ በሰው ፊት ይዩልኝ።»

ኩሊዎቹ ጥቅሉን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። ከመሃላቸው አንዱ፣ «እህት፣ ከብዶናል፣» አለ። «ደርድሩት፣ አላስገባም፣» አልኩት። ደረደሩት።

ለጋሼ አሳየኋቸው። ሥዕሉን አይደለም፤ ዓመታቱን ነው፣ አንድ በአንድ። ደረቅ፣ ደረቅ፣ ያቺ ቀን። ደረቅ፣ ያቺ ቀን።

«አንድ ቀን ነው እኮ፣» አለ ነስሩ ከጀርባቸው። «ከሁለት ወር አንድ ቀን። ለአንድ ቀን ብሎ ሱቅ ይያዛል?»

ለሱ አልመለስኩም። «ጋሼ፣» አልኩ፣ «የእርስዎና የአባቴ በርበሬ የጠቆረው በስንት ቀን ዝናብ ነው?»

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ።

«በአማካይ ቀን ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ባዶውን ግድግዳ አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ። ያንን በርበሬ የዛቀው እጅ ነው። ውጭ የቆመው መኪና ሞተሩን አስነሳ። ለኩሊዎቹ እንጂ ለእኔ ያልሆነ በሚመስል ድምፅ፣ «መጋረጃውን በቀኝ በኩል አስገቡ። የግራውን ግድግዳ እንዳትነኩባት፣» አሉ።

«ጋሼ ሸምሱ፣ ሙሉውን ነበር እኮ የተነጋገርነው፣» አለ ነስሩ።

«ተነጋግረን ነበር። አሁን ደግሞ አየን።»

«ግራው ብቻ?» አልኩ እኔ።

«አንቺም አትጥገቢ።»

ከበሩ ተነሳሁ።

አሁን እናንተ ኅዳር ላይ ጎርፍ መጣና ሁሉም አፈረ ብዬ የምጨርስ መስሏችኋል። አልመጣም። በዚያ ዓመት በጥቅምትም በኅዳርም አንድ ጠብታ አልጣለም። ነስሩ በየጠዋቱ መጋረጃውን እየሰቀለ፣ «ሜትሮ፣ ዝናቡስ?» ይለኝ ነበር። «መንገድ ላይ ነው፣» እለዋለሁ። ረምላ በየቀኑ የምትልክልኝን ዜሮ አንድ በአንድ አስገባሁት። ሲያስቀኝ፣ ሲያናድደኝ አስገባሁት። ያልዘነበበትን ዓመት ደብቄ የዘነበበትን ብቻ ባሳይ ኖሮ ከቅዳሜው ሥዕል በምን እሻል ነበር?

ሸራው ግን ተሸጠ። በርበሬ ነጋዴዎቹን ሥዕል አላሳየኋቸውም፤ «ያቺ ቀን መጥታብህ ታውቃለች?» ብቻ እላቸዋለሁ። ያልመጣችበት ሰው የለም። እያንዳንዱ የራሱ ያቺ ቀን አለው፤ ተቀምጦ ያወራልኛል፣ ከዚያ ይገዛል። አሁን በእኛ በኩል ወፍራሙ ሸራ ስሙ «ያቺ ቀን» ሆኗል። ከአገር ቤት ደውለው «ያቺ ቀን ሁለት ጥቅል ላኪልን» ይሉኛል። በሰኔ የሱቁ ጣሪያ ሲያፈስ ነስሩ ራሱ በሩጫ መጥቶ መጋረጃው ላይ የሚለብስ ከእኔ ወስዷል። «ለዘመድ በነፃ አይደለም ወይ?» አለኝ። «ነፃ የሚለውን ቃል ካመንኩት ቆየሁ፤ አንተ ግን በዋጋው፣» አልኩት።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይህን የማወጋችሁ ኮምፒውተር ተማሩ ልላችሁ አይደለም፤ ብትማሩ ግን ደስ ይለኛል። የዚያ ሳምንት ነገር ከውስጤ ያልወጣው በሌላ ምክንያት ነው። እኔ ራሴ ጳጉሜንን ስህተት ናት ብዬ ጥያለሁ። ማሽኑ አይደለም የጣላት። ማሽኑ «አላውቃትም» ነው ያለው፣ ጨዋ ነው። «የለችም» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት ኖሬባት የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ እንዲህ ያለች ሴት የለችም፣ እንዲህ ያለ ሥራ የለም ሲለኝ፣ የለም ነው ወይስ አላውቀውም ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ አላውቀውም ነው። አላውቀውም የተባለ ነገር ደግሞ አይጣልም፣ ተደርድሮ ይነበባል። ተባርሬ ነበር ማለት ይቻላል፤ በሩን አልለቅም ያልኩት ትክክል ስለሆንኩ አልነበረም፣ ቅዳሜ ዕለት ከማንም በላይ ተሳስቼ ነበር። የተሳሳተም ሰው በሩ ላይ መቆም ይችላል።

ዛሬም ያ ላፕቶፕ አለኝ፣ ማጠፊያው ይጮሃል። አዲስ ፋይል ስከፍት ከምንም በፊት የምጽፈው አሥራ ሦስቱን ወራት ነው። ረምላም ካፊያ ስትጽፍ አሁን ዜሮ አልለውም፤ ለካፊያ የራሱን ዓምድ ከፍቼለታለሁ፣ ጥሏላ።

ነስሩ እስካሁን ከቀኝ ግድግዳ ሆኖ ሜትሮ ብሎ ይጠራኛል። እኔም ከግራው፣ አቤት እለዋለሁ።